ሦስተኛው ሲሊንደር፦ ከኤምደን እስከ ራይነ

ኤምደን የኤምስ ወንዝ ከሰሜን ባሕር ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ ያለች የጀርመን ወደብ ናት። ከባቡር ጣቢያዋ ወጣ ሲሉ አንዲት ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቆማ ያገኛሉ። ሰውነቷ ጥቁር፣ መንኮራኩሮቿ ቀይ፣ ቁጥሯ 043 903-4 ነው። የውሃና የነዳጅ መያዣዋን ጨምሮ ርዝመቷ 22.62 ሜትር ነው፤ መያዣው ሳይቆጠር፣ በሥራ ላይ ሳለች 110 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ቀና ብለው ሳያዩዋት ያልፋሉ። እኔ ግን እዚህ ድረስ የመጣሁት እሷን ብዬ ነው።

ቆሞ ለሚያያት ሰው ሁለት ሲሊንደር ያላት ትመስላለች፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሦስተኛው ከጎን አይታይም። ከጭስ ማውጫው በታች፣ ሙሉ ክብደቷን በተሸከሙት በሁለቱ ወፋፍራም የብረት ገበታዎች መካከል ገብቶ ተቀምጧል። እሱን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ፤ አልበቃኝም፣ ተንበረከክሁ። በመንኮራኩሮቹ ክፍተት አሻግሬ ስመለከት ሁለተኛው አክስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ አለመሆኑን አየሁ፤ መሐሉ ላይ ታጥፎ ይወጣና ተመልሶ ይቀጥላል። የመሐለኛው ፒስተን ዘንግ የሚገፋው ያንን እጥፋት ነው። የጎኖቹ ፒስተኖች ደግሞ ሦስተኛውን አክስል ይገፋሉ፤ አምስቱም አክስሎች በዘንግ ስለተያያዙ አሥሩም መንኮራኩሮች አብረው ይዞራሉ። በእጥፋቱ ዙሪያ የደረቀ ቅባት ድንጋይ ሆኖ ተጣብቆ ነበር። የዚህች ማሽን ታሪክ በሙሉ ከዚህ ከተሸሸገ ሲሊንደር ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1920 ድረስ ፕሩሺያም፣ ባቫሪያም፣ ሣክሶኒም፣ ሌሎቹም የጀርመን ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የባቡር ድርጅትና የየራሳቸው ሎኮሞቲቭ ነበራቸው። በዚያ ዓመት ሁሉም በአንድ ብሔራዊ ድርጅት ሥር ሲጠቃለሉ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው የማይሆን፣ የአንዱ ነጂ የሌላውን ማሽን የማያውቅ ዝብርቅርቅ ንብረት ተወረሰ። መፍትሔ ተብሎ የታሰበው በአንድ ደረጃ የሚሠሩ፣ ክፍሎቻቸው የሚዋዋሱ አዳዲስ ሎኮሞቲቮችን መንደፍ ነበር። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ሪሻርድ ፓውል ቫግነር ይባላል።

በዚያው ሰሞን በጭነት ባቡር ላይ ሌላ ትልቅ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ድረስ ረጅም የጭነት ባቡር የሚቆመው በሰው እጅ ነበር። ፍሬን ያዦች በአንዳንድ ፉርጎዎች ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በክረምት በረዶም ጭምር፣ ተቀምጠው የነጂውን ፉጨት ሲሰሙ የፍሬኑን እጀታ ያዞሩ ነበር። በ1920ዎቹ የጭነት ፉርጎዎች በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን ተገጠመላቸው፤ ነጂው ባለበት ሆኖ ባቡሩን በሙሉ ማቆም ቻለ። እንግዲህ ከባድና ፈጣን ባቡር ማቆም ከተቻለ፣ የሚጎትተው ማን ነው? የ44 ቁጥር ሎኮሞቲቭ የዚህ ጥያቄ መልስ ናት። አምስት የሚነዱ አክስሎች፣ ከፊት አንድ ተሸካሚ አክስል፣ በእያንዳንዱ የሚነዳ አክስል ላይ ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ክብደት። ይህን የሚሸከም ሐዲድ በዚያን ጊዜ በሁሉም መስመር አልነበረም፤ ሐዲዱና ድልድዩ ቀስ በቀስ እየተጠናከረ ሄደ።

የቫግነር መሥሪያ ቤት ግን በአንድ ንድፍ አልረካም። በአካል የሚመሳሰሉ፣ በሲሊንደር ብዛት የሚለያዩ ሁለት እህትማማቾች አሠራ። 43 ቁጥር የተሰጣት እያንዳንዳቸው 720 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሲሊንደሮች ነበሯት፤ 44 ደግሞ ሦስት። በ1926 ከ44 አሥር ተሠርተው ለሙከራ ወጡ፤ 43ም ተከተለች። ሚዛኑ ያጋደለው ወደ 43 ነው። በመካከለኛ ኃይል ስትሠራ የምትወስደው እንፋሎት አነስ ይላል፤ ለመሥራትም ለመጠገንም ትረክሳለች። 44 የምትበልጠው ጫናው ሲከብድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ጫና የየቀኑ ሥራ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥር እህቶች ባሉበት ቀሩ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጭነቱም ፍጥነቱም ጨመረ። ፈጣን ባቡር ሊያልፍ ሲል መንገድ ለመልቀቅ የጭነት ባቡሩም መሮጥ ነበረበት። ሁለቱ ትልልቅ ፒስተኖች ኃይል ሲጠየቁ ሎኮሞቲቯንም ሐዲዱንም ያናውጣሉ፤ ሦስቱ ግን ግፊቱን ይካፈሉታል። በ1937 ተከታታይ ምርት ሲጀመር የተመረጠችው 44 ናት። 43 በ35 ብቻ ቆማለች፤ 44 ከጦርነቱ በኋላ የወጡት ሲታከሉ ወደ 2,000 ተጠግታለች። የመጀመሪያውን ውሳኔ ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በጊዜው የነበረውን ሥራ የለካ ሰው እንዲያ መወሰኑ ትክክል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ውድ የተባለውን ንድፍ ጨርሶ አለመጣላቸው ነው። አሥሯ ሎኮሞቲቮች በሥራ ላይ ሆነው ስለቆዩ፣ ከባዱ ቀን ሲመጣ ከባዶ መጀመር አላስፈለገም።

ሦስት ሲሊንደር ምን እንደሚለውጥ ለመረዳት ሦስት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ዙሪያ ቆመው በተራ ሲወቅጡ ማየት ይበቃል። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ እያወረደች ነው፤ ሙቀጫው ያለ ምት የሚያርፍበት ጊዜ የለም። የ44 ፒስተኖችም እንዲሁ በእኩል ርቀት ተራ ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ፒስተን በሄደበትም በተመለሰበትም እንፋሎት ስለሚገፋው መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ስድስት ምት ይሰማል፤ በሁለት ሲሊንደር ቢሆን አራት ነበር። መንኮራኩሯ 1.4 ሜትር ስፋት አለው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስታዘግም በየሰከንዱ ከሰባት በላይ ምት ታሰማለች ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ በከፍተኛው ፍጥነቷ፣ ምቶቹ ተቀላቅለው አንድ ወጥ ጉምጉምታ ይሆናሉ። ትልቁ ጥቅም የሚታየው ግን በመነሻው ቅጽበት ነው። ግፊቱ ሳይቆራረጥ ስለሚደርስ መንኮራኩሮቹ በረጠበ ሐዲድ ላይ በከንቱ የመሽከርከር ዕድላቸው ይቀንሳል፤ ከባድ ባቡር ከቆመበት የሚነሳው በዚህ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ነው። የውጪዎቹን ዘንጎች ነጂው በጎን እየሄደ ዘይት ያጠጣቸዋል። የመሐለኛውን ግን ከሥሯ ከተቆፈረ ጉድጓድ ገብቶ፣ ወይም በገበታዎቹ መካከል ተሽሎክልኮ፣ ዘይትና ጥቀርሻ እየተንጠባጠበበት መድረስ አለበት። ያንን መገጣጠሚያ አንድ ቀን ቢዘነጋው ብረቱ ግሎ ይቃጠላል። ዛሬ አስፋልት ላይ ቆመን ኃይሏን የምናደንቅ ሰዎች፣ በየንጋቱ ልብሱ ቆሽሾ ከሥሯ ይወጣ የነበረውን ሠራተኛ ልናስበው ይገባል።

ከኤምደን ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር ንጹሕና ጸጥተኛ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው አገር ከአድማስ እስከ አድማስ ሜዳ ነው፦ የግጦሽ መስክ፣ የውሃ ቦይ፣ ቀይ የጡብ ቤት፣ በየአቅጣጫው የሚዞር የንፋስ ኃይል ማመንጫ። ዳገት የሚባል ነገር የለም። ይህ ሜዳነት ኋላ የምመለስበትን የማዕድን ባቡር የፈቀደ ነው።

ቀጥሎ ሌር ይመጣል። እዚህ ላይ ስለ ማሽን ብቻ ማውራት አይቻልም። ከሆላንድ የሚመጣው መስመር ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው በሌር ነው። ከ1942 እስከ 1944 ድረስ ከሆላንዱ የቬስተርቦርክ ካምፕ አይሁዶችን ወደ ምሥራቅ የጫኑ ባቡሮች ድንበር ተሻግረው በዚህ ጣቢያ አልፈዋል። ከዚያ ካምፕ የተጫነው ሕዝብ ከ100,000 በላይ ነው፤ አብዛኛው አልተመለሰም። አና ፍራንክና ቤተሰቧ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1944 ከዚያው ካምፕ ወደ አውሽቪትስ ተወስደዋል። የጀርመን ምድር ባቡር ድርጅት ያንን ሥራ የሠራው ከሰልና ድንች በሚያጓጉዝበት አሠራር ነው፦ በጊዜ ሰሌዳ፣ በሂሳብ፣ በትራንስፖርት ክፍያ። ባቡሬ ሌር ላይ ሲቆም ተማሪዎች ብስክሌታቸውን ይዘው ገቡ፤ መድረኩ ጸድቶ ያበራል። ሐዲዱ ግን በዚያው መንገድ ነው ያለው።

በጦርነቱ ውስጥ 44ም የጦርነት ማሽን ሆነች። መዳብ አነሰ፤ ለጌጥና ለምቾት የነበረው ሁሉ ቀረ፤ ክፍሎቿ እየቀለሉ፣ እሷን ለመሥራት የሚፈጀው ሰዓት እያጠረ ሄደ። በመጨረሻም ቀላሏና ርካሿ 52 ቁጥር ሎኮሞቲቭ በሺዎች ተመርታ ቦታዋን ወሰደች። ጀርመን ፈረንሳይን በያዘችበት ጊዜ የፈረንሳይ ፋብሪካዎች 44ን እንዲሠሩ ታዝዘው ነበር፤ ነጻ ከወጡ በኋላ የተጀመረውን ጨርሰው ለራሳቸው ምድር ባቡር ከ200 በላይ አወጡ። ከእነዚያ ውስጥ 48ቱን ቱርክ በ1955 ገዝታ በራሷ ተራሮች ላይ አሠርታቸዋለች።

ከሌር ቀጥላ የምትመጣው ፓፐንቡርግ ዛሬ የምትታወቀው ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች በሚሠሩበት የመርከብ ግንባታዋ ነው። በዙሪያዋ ያለው ረግረጋማ አፈር ግን ከ1933 ጀምሮ 15 የእስረኞች ካምፖች የተዘረጉበት ነበር። እስረኞቹ በአካፋ ረግረጉን እንዲቆፍሩ ይገደዱ ነበር። ጋዜጠኛው ካርል ፎን ኦሲየትስኪ ኤስተርቬገን በተባለው ካምፕ ታስሮ ነበር፤ የ1935ቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው እሱ ነው። ከባቡሩ መስኮት የሚታየው አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ከፊሉን ያደረቁት እነዚያ ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ ሜዳው ሌላ ሆኖ ታየኝ።

ከሜፐን ከተማ በኋላ የኤምስ ወንዝና የዶርትሙንድ ኤምስ ቦይ አንዴ ይቀርባሉ፣ አንዴ ይርቃሉ። ቦዩ በ1899 ሲከፈት ዓላማው ባሕሩን ከሩር የብረት ፋብሪካዎች ጋር ማገናኘት ነበር። የባቡር መስመሩም ያንኑ ሥራ ሠርቷል። ከባሕር ማዶ የመጣው የብረት ማዕድን ኤምደን ላይ ከመርከብ ይራገፍ ነበር፤ ከዚያ በፉርጎ ተጭኖ በዚህ ሜዳ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ታዋቂው ባቡር 4,000 ቶን ይመዝን ነበር፤ ሠራተኞቹ ረጅሙ ሃይንሪሽ ይሉት ነበር። ይጎትቱት የነበሩት ሁለት ባለ ሦስት ሲሊንደር ሎኮሞቲቮች ናቸው፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ። የእነሱም ቅጽል ስም ጃምቦ ነበር። እንግዲህ በ1920ዎቹ ብዙ ትበላለች ተብላ የተተወችው ማሽን እውነተኛ ሥራዋን ያገኘችው እዚህ ነው።

ይህን ጫና በከሰል መጎተት ማለት ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ አካፋውን አያስቀምጥም ማለት ነው። የምድጃዋ ፍርግርግ ስፋት 4.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከሰሉ እስከ ጥግ ድረስ ስስና እኩል ሆኖ መበተን አለበት፤ አንድ ቦታ ከተከመረ እሳቱ ይታፈናል፣ አንድ ቦታ ከሳሳ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ የእንፋሎቱን ግፊት ያወርዳል። ግፊቱ 16 ባር ነው። መያዣው 34 ሜትር ኩብ ውሃና 10 ቶን ከሰል ይይዛል፤ በአንድ ከባድ ጉዞ ከዚያ ከሰል ብዙውን በሁለት ክንዱ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ነው፣ እየተናወጠ ባለ ወለል ላይ፣ ፊቱን እሳት እየገረፈው፣ ጀርባውን የክረምት ንፋስ እየመታው።

ለዚህ ነው የምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 32 የ44 ቁጥር ሎኮሞቲቮችን ወደ ዘይት የለወጠው። በ1968 የቁጥር አሰጣጡ ሲቀየር ከሰል የሚበሉት 044፣ ዘይት የሚበሉት 043 ተባሉ፤ ኤምደን ያለችው ከዘይቶቹ ናት። ነዳጁ ወፍራም ጥቁር ዘይት ስለሆነ ካልሞቀ አይፈስም። በእንፋሎት ይሞቅና በእንፋሎት ግፊት ተበትኖ ወደ ምድጃው ይረጫል። የምድጃው ሰው ከእንግዲህ ተቀምጦ፣ አንድ እጁን በዘይቱ መክፈቻ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከጭሱ ቀለም ሳይነቅል ይሠራል። ጭሱ ከጠቆረ ዘይቱ በዝቷል፤ ጨርሶ ከጠራ አየሩ በዝቷል። በየጊዜው ደግሞ እፍኝ አሸዋ በምድጃው ቀዳዳ ይለቅ ነበር፤ አሸዋው በቧንቧዎቹ ውስጥ እየተሳበ ጥቀርሻውን ጠርጎ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ሰማዩም ለጥቂት ደቂቃ ይጨልማል።

አካፋው ቢቀርም ኃላፊነቱ አልቀረም። ከምድጃው ጣሪያ በላይ ሁልጊዜ ውሃ መኖር አለበት። ውሃው ከጣሪያው በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፣ በላዩ ያለው ግፊትም ይቀደዋል። በኖቬምበር 27 ቀን 1977 በምሥራቅ ጀርመን ቢተርፌልድ ጣቢያ የአንዲት የመንገደኛ ባቡር ሎኮሞቲቭ ቦይለር በውሃ ማነስ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል። እሷ የምትሠራው ግን በከሰል ነበር። የውሃ መጠን ማሳያዋን ትንሽ የመስታወት ቱቦ በአንድ ሙዚየም ውስጥ በቅርብ ያየ ሰው፣ ስንት ነፍስ በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሲያስብ ይደነግጣል።

ሊንገን ላይ ወረድኩ። ከጣቢያው አጠገብ የቀድሞው ትልቅ የባቡር ጥገና ፋብሪካ አዳራሾች አሉ። ቦይለሮች ከሻንሲያቸው ተነስተው የሚንጠለጠሉባቸው፣ መንኮራኩሮች የሚላጉባቸው ነበሩ፤ ዛሬ በከፊል የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ሆነዋል፣ በሌላው የሥዕል ዐውደ ርዕይ ይታያል። የጡቡ ግድግዳና የጣሪያው ብረት እንዳለ ተጠብቆ በውስጡ ቤተ መጻሕፍትና የመማሪያ ክፍል ተሠርቷል። ይህን ዓይነት አሠራር እወዳለሁ። አሮጌውን አፍርሶ መስታወት ከመትከል ይልቅ ለከባድ ሥራ የተሠራ ግድግዳ ሌላ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ያምርበታል።

ዛልትስቤርገን ትንሽ ከተማ ናት። በ1860 የተቋቋመ የዘይት ማጣሪያ አላት፤ እስካሁን ይሠራል። የኤምደኗ እህት 043 196-5 የቆመችው እዚህ ነው። ዘይት ስትበላ የኖረች ሎኮሞቲቭ በዘይት ከተማ መቀመጧ ተገቢ ነው። ከኤምደኗ ጋር ሳስተያያቸው ልዩነት ማግኘት ተቸገርሁ፤ ቫግነርና ባልደረቦቹ በ1920ዎቹ የተመኙትም ይኸንኑ ነበር።

ከዚያ ራይነ ቅርብ ነው። በምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር መደበኛ የእንፋሎት አገልግሎት ያበቃው ከዚህ ከተማ ዴፖ በኦክቶበር 26 ቀን 1977 ነው፤ ሁለቱም እህቶች ከመጨረሻዎቹ መካከል ነበሩ። ማዕድኑ አልጠበቀም፤ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ተረከቡት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘረጋ። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ብዙዎቹ ስለ ጭሱና ስለ ድምፁ ናፍቆት ያወራሉ። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ግን የምድጃውን ሰው ክንድና የዘይት ጉድጓዱን ሳስብ እንፋሎቱ በጊዜው ሄደ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ባለ ሁለት ሲሊንደሯ፣ የመጀመሪያዋ 43 001፣ በጀርመን ምሥራቅ ተጠብቃ አለች። እስካሁን ያየሁት አሸናፊዋን ብቻ ነው። የሁለቱን ክርክር አንዷን ብቻ ሰምቼ መዝጋት ስለማልፈልግ፣ እነዚያን 720 ሚሊሜትር ሲሊንደሮች ቆሜ ለመለካት በሚቀጥለው ጉዞዬ የማመራው ወደዚያ ነው።